«ሙሽራዬን ጀልባ ላይ ትቻት ወረድኩ!» ጣና ላይ ከመሳፈራችሁ በፊት አንድ ቀን ለባሕር ዳር

ልጁ የጅጋ ልጅ ነው። ልጅቷ የፍኖተ ሰላም። ጥር 2011 ዓ.ም. ተጋቡ። ሠርጉ አለቀ፣ መልሱ አለቀ፣ ቅልቅሉም አለቀ... ቀረ የጫጉላ ሽርሽር! ላንጋኖ ሩቅ ነው፤ ሐዋሳ ኪስ ይጎዳል። «ጣና እያለልን!» ተባባሉ። እውነትም ጣና እያለ የምን መንከራተት!

ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ጅጋ ተሳፍረው ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ገቡ። ደክሟቸዋል። አልጋ ያዙ፣ እራታቸውን እዚያው በሉ፣ ተኙ። በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ወደቡ ደረሱ። «ጀልባ ነው?» ላላቸው የመጀመሪያ ሰው «አዎ» አሉት። «ወዴት?» ሲላቸው ባል ከጓደኞቹ አፍ የሰማውን ስም ጠራ። «ክብራን ገብርኤል!»

ግማሽ ሰዓት ያህል ሄዱ። ውኃው እንደ መስተዋት ረግቷል፤ ፎቶ ተነሱ፤ ተሳሳቁ። ደሴቱ ጋ ሲደርሱ ሙሽራዋ ነጠላዋን አጣፍታ ለመውረድ እግሯን አነሳች። ባለጀልባው ግን እጁን ዘረጋ።

«እታለም፣ አንቺ እዚሁ ቆይ። እዚህ ገዳም ሴት አይገባም።»

«እንዴ! ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከንም?» አለ ባል።

«አልጠየቃችሁኝማ!»

ባል ግራ ገባው። ወደ ሚስቱ አየ፤ ወደ ገዳሙ አየ። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ መንገዱ ተመጥቷል። «ቶሎ እመለሳለሁ» ብሎ ወረደ። የገዳሙን የብራና መጻሕፍት ሲያይ፣ አባቶች ሲያጫውቱት፣ ሰዓቱ ነጎደ። ሙሽራዋ ጀልባው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ሲመለሱ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ጀልባው ዳር ሲደርስ ግን እንዲህ አለችው።

«ገዳሙ ሕግ አለው፤ በሱ አልከፋኝም። የከፋኝ አንተ እኔን ምንም ሳትጠይቀኝ መውረድህ ነው። ባሕር ዳርንስ ቢሆን ምኗን አየሁ? መናኸሪያዋንና አልጋዋን!»

የዚያኑ ዕለት ሻንጣቸውን ይዘው ተመለሱ። ጫጉላው ኩርፊያ ሆነ። ይህን ያጫወተኝ ባልየው ራሱ ነው። ስማችንን አታንሳ ስላለኝ ስማቸው ይቅር። ታሪካቸው ግን የብዙዎቻችን ነው። ስንቶቻችን ነን ከአውቶቡስ ወርደን በቀጥታ ጀልባ ላይ የምንወጣ? ስንቶቻችን ነን ባሕር ዳርን እንደ መጠበቂያ ክፍል ቆጥረን የምናልፋት?

ወደብ መጠበቂያ አይደለም

ሞምባሳም ሆነ ቬኒስ፣ በመርከብ የሚዝናና ሰው አንድና ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ወደቡ ከተማ ይገባል። አንደኛ፣ መርከብ የዘገየን ሰው አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ ሰውየው ያለ ጥድፊያ ከተማውን ያያል። እኛ ባሕር ባይኖረንም ጣና አለን። ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። 37 ደሴቶች አሉት ይባላል። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በትልቁ ጀልባ መሄድ ዘጌን፣ ደቅንና ቁንዝላን እየነኩ ሌሊት አሳድሮ የሚያደርስ ጉዞ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ኖሯል። ታዲያ ይህን ሁሉ ውኃ የሚያሻግር ወደብ አንድ ቀን አይገባውም?

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሁለት ሌሊት እደሩ። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግቡ፤ ሁለተኛውን ቀን ሙሉውን ለከተማዋ ስጡ፤ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ጀልባችሁ ላይ ውጡ። ከጀልባው በፊት የምታገኙት ቀን የማያችሁበት ብቻ ሳይሆን የምትጠይቁበት ቀን ነው። ያ ሙሽራ ያጣው እሱን ቀን ነው።

ከጅጋ ስትነሱ...

በቅድሚያ የመንገዱን ነገር። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተነሳው ግጭት ወዲህ መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ እንደሚችል የማያውቅ የለም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው መናኸሪያ ጠይቁ፤ ባሕር ዳር ዘመድ ካላችሁ ደውሉ። ሰላም ካልሆነ ቅሩ። በማታ አትጓዙ። ገዳሙም ፏፏቴውም የትም አይሄዱም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን እንዴት ያለ መንገድ ነው! ከጅጋ ባሕር ዳር 200 ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆን ነው። ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳን፣ ቡሬን፣ ትሊሊን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን እያላችሁ ትሄዳላችሁ። እንጅባራ ከመድረሳችሁ በፊት ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ ዘንገና አለ። በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ክብ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው ደን። በራሳችሁ መኪና ከሆናችሁ ሳትወርዱ አትለፉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወተት ዓባይ ስትደርሱ አውቶቡሱ አንድ ወንዝ ይሻገራል። ብዙ ሰው እዚያ ጋ እንቅልፍ ላይ ነው። ወንዙ ግልገል ዓባይ ነው! የሚነሳው እዚያው ምዕራብ ጎጃም፣ ሰከላ ውስጥ ካለው ግሽ ዓባይ ነው። እናንተ ወደምትሄዱበት ጣና ይገባና ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ተብሎ ይወጣል። ስለዚህ የኛ አገር ውኃ ወደቡ ላይ ቀድሟችሁ ይጠብቃችኋል ማለት ነው። መስኮቱን ክፈቱና እዩት።

የመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ፦ እግር ይንቀሳቀስ

አልጋ ይዛችሁ፣ ታጥባችሁ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ውጡ። ባጃጅ አትያዙ። የባሕር ዳር ጣዕሟ በእግር ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ መንገዶቿ ሰፋፊ፣ ግራ ቀኙ ዘምባባ። ሳይክል መንዳት የምትችሉ ከሆነ ደግሞ የበለጠ።

መጀመሪያ ወደ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ሂዱ። የከተማዋ ጥንት ይህ ደብር ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ያረጀ የድንጋይ ግንብ ታያላችሁ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ሥራ ነው ይባላል፤ ከነሱም ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ስሙ ይነሳል። እሱ ሰው እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይን አይቶ የጻፈ ነው። ልብ በሉ! ከሰከላ ተነስቶ ጣና የደረሰው መንገደኛ እናንተ ብቻ አይደላችሁም።

ከዚያ ወደ ውኃው ዳር። ከደንገል የተሠራች ታንኳ ስትቀዘፍ ታያላችሁ። በዚህ ሙያ የሚታወቁት የሐይቁ ዳር ነባር ነዋሪዎች፣ የወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ አንዲት ታንኳ ከጥቂት ወራት በላይ አታገለግልም፣ ደግሞ ሌላ ይሠራል። ፎቶ ለማንሳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ። ሰውየው ሥራው ላይ ነው፤ ለናንተ የቆመ ሐውልት አይደለም።

እራት? አሳ ነዋ! ጣና ዳር መጥቶ ክትፎ የሚያዝ ሰው ምን ይባላል? ቀረሶ ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ሙሉውን ተጠብሶ ይምጣላችሁ። አምባዛ ወፈር ያለ ነው፤ ለጉላሽ ይሆናል። ነጭ አሳም አለ፤ አጥንቱ ብዙ ስለሆነ ጨዋታ እያወራችሁ እንዳትበሉት። ጥሬ አሳ ግን ይቅርባችሁ። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ!

ሌላው፣ «ውኃው ደስ ይላል» ብላችሁ ዳር ዳሩን አትንቦጫረቁ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ የሚገባው በቆዳ ነው፤ ውኃውን መጠጣት አያስፈልገውም። ማታ ደግሞ አልጋችሁ አጎበር እንዳለው እዩ። የጅጋና የፍኖተ ሰላም ልጅ ወባን ከኔ በላይ ያውቃታል።

ሁለተኛው ቀን፦ ጠዋት ጢስ ዓባይ፣ ከሰዓት ገበያ፣ ማታ ቤዛዊት

ጠዋት በጊዜ ተነሱና ወደ ጢስ ዓባይ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወሩን ዕወቁ! ፏፏቴው 45 ሜትር ግድም ቁመት አለው። ክረምት ማብቂያ ላይ ሞልቶ ሲወርድ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል ይባላል። በመስከረምና በጥቅምት የሄደ ሰው ጭሱን ከሩቅ ያያል፤ ልብሱም ይረጥባል። በመጋቢትና በሚያዝያ የሄደ ግን አንድ ቀጭን ፈሳሽ አይቶ «ይሄ ነው?» ሊል ይችላል። ምክንያቱ አለው። አካባቢው ላይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ ውኃ ወደ በለስ ይወስዳል። እናንተ ማታ መብራት ስታበሩ ፏፏቴውን እየተካፈላችሁት ነው።

ውኃው ቀንሶም ቢሆን ግን መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው። ከጢስ ዓባይ ከተማ ወርዳችሁ በእግር ስትሄዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ሰው «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይለዋል። ዛሬም ገበያተኛው ከነአህያው ይሻገርበታል። ጫማችሁ ተረከዝ የሌለው ይሁን። (ይህን የምለው በተረከዝ ጫማ መጥታ እግሯን ጠምዝዛ የተመለሰች እህት ስለማውቅ ነው።)

ከሰዓት በኋላ ገበያ። ባሕር ዳር ገበያ ገብቶ አገልግል ሳይገዛ የወጣ ሰው ባሕር ዳርን አየሁ አይበል። በቆዳ የተለበጠው አገልግል እዚህ በብዛት ይገኛል። ቅዳሜ ከሆነ ገበያው ይደምቃል። ለነገው የጀልባ ጉዞ ምሳችሁን የምትይዙበትም ይሆናችኋል። ደሴት ላይ ሬስቶራንት እንደሌለ አትርሱ! ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝና ውኃ ግዙ። ዋጋ ስትጠይቁ በሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ፤ ሲከራከሩ ደግሞ በፈገግታ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ። እዚያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ። ቤተ መንግሥቱን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠባቂዎቹን ጠይቁ፤ ካሜራ ተቀምቶ ማታ መለማመጥ ጥሩ አይደለም። የመጣችሁት ደግሞ ለሕንፃው አይደለም። ከላይ ሆናችሁ ወደታች ስታዩ ዓባይ ከጣና ተለይቶ እየተጥመለመለ ሲሄድ ይታያል። ዕድል ካላችሁ ጉማሬ ብቅ ሲል ታያላችሁ። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ለፍቅረኛችሁ ለረጅም ጊዜ ልትናገሩት ፈልጋችሁ ያልተናገራችሁት ነገር ካለ፣ ቦታው ይሄ ነው!

በመመለሻችሁ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻገሩ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። የእግረኛ መንገድ ስላለው ወርዳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ከጎኑ ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለውን አሮጌውን ድልድይ ታያላችሁ። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን፣ ከሥራቸው ያው ውኃ።

ከባለጀልባው ጋር በዋዜማው ተነጋገሩ

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ጀልባ የሚያዘው በማግስቱ ጠዋት ተጣድፎ አይደለም። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ወደቡ ሂዱ፤ ሁለት ሦስት ባለጀልባ አነጋግሩ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፦ የምንሄድበት ገዳም ሴት ይገባል ወይ?

ሁለተኛ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው? የመጠበቂያ ጊዜስ ተጨምሮበታል? የገዳም መግቢያ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይከፈላል፤ ዝርዝር ብር ያዙ።

ሦስተኛ፦ ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት አለ? «አለ» ካላችሁ «አሳየኝ» በሉት። ዋና እችላለሁ የሚል ጎረምሳም ቢሆን ይልበስ።

አራተኛ፦ ስንት ሰዓት እንነሳለን? ጣና ጠዋት ዝም ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ያናውጣል። 1 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ እኩለ ቀን ላይ ብትመለሱ ይመረጣል።

አምስተኛ፦ የትኞቹን ቦታዎች ነው የምናየው? በስም ይጥራቸው። «አንድ ሁለት ገዳም» የሚባል መልስ መልስ አይደለም።

ማን የት ይገባል?

ክብራን ገብርኤል ለወንዶች ብቻ ነው። የነገሥታት አጽም የሚገኝበት ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ሥርዓቱ የቆየ ነው፤ ጀልባ ላይ ሆኖ ከአባቶች ጋር መከራከር ዋጋ የለውም።

እህቶቼ ግን አትዘኑ! ከክብራን አጠገብ እንጦንስ ኢየሱስ አለ፤ ሴቶች ይገባሉ፤ የሴት መነኮሳት ገዳም ነው። ለከተማው ቅርብ የሆነው ደብረ ማርያም ለሁሉም ክፍት ነው። ዘጌ ደግሞ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ቤተ ማርያም የሚባሉት ሁሉ ወንድም ሴትም ያስተናግዳሉ። የዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ በቡና ዛፍ ጥላ ሥር ያልፋል። የዘጌ ሰዎች ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀለ ነው ይላሉ።

ሙሉ ቀን ያላቸው ደግሞ ደቅ ደሴት ድረስ ይሂዱ። እዚያ ናርጋ ሥላሴ አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የሚያሳያት ሥዕልም እዚያው አለ። ሴት ያሠራችውን፣ ሴት የተሳለችበትን፣ ሴት የምትገባበትን ቦታ ትተን ነው ሙሽራ ጀልባ ላይ የምናስቀምጠው?

ሁሉም ቦታ ጫማ ይወልቃል። ነጠላ ያዙ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። የወር አበባ ላይ ያለች እህት ሥርዓቱን ታውቀዋለችና ቀኑን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ባል ሆይ፣ ይህንንም አስቀድመህ በደግ አንደበት ጠይቅ፤ አያሳፍርም!

እነዚያ ሙሽሮችስ?

ታርቀዋል። እንዲያውም ጥቅምት 2015 ዓ.ም. እንደገና ሄዱ። በዚህ ጊዜ ዕቅድ ያወጣችው እሷ ናት። ሁለት ሌሊት አደሩ። ጢስ ዓባይ ሞልቶ ጠበቃቸው፤ ልብሳቸው ረጠበ። ቤዛዊት ወጥተው ፀሐይዋን ሸኙ። በዋዜማው ወደብ ወርዳ ባለጀልባውን የጠየቀችው እሷ፣ ዋጋ የተከራከረችውም እሷ!

«ዘጌ ስንደርስ» አለኝ ባልየው፣ «ከጀልባው ቀድሜ ልወርድ ስል ክንዴን ያዘችኝ። ‹ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ› አለችኝና ወረደች። ከዚያ ዞር ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። እኔ እኮ ያኔ እጄን አልዘረጋሁላትም ነበር...»

አገልግሉ ዛሬም ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ታሪኩን የምታወራው እሷ ናት፤ እሱ ቡና ያቀርባል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ መንገዱን ሰላም ያድርገው። ጃኬታችሁን አትርሱ፣ ጥያቄያችሁንም አትርሱ። መልካም ጉዞ!